ከአደልሃይድ እስከ ሃይዲ፦ የአንዲት «ነት» ታሪክ

በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሁላችንም ደረታችን ላይ የስም ሰሌዳ እናደርጋለን፤ የእኔው በላቲን ፊደል «ታደለች» ይላል። ጀርመኖች ይህን ስም ሲያነቡ ለአፍታ ፊታቸው ላይ ሽው ብሎ የሚያልፈው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። «ታደል» በጀርመንኛ ነቀፋ፣ ወቀሳ ማለት ነው፤ መምህር ለሰነፍ ተማሪ፣ አለቃ ላረፈደ ሠራተኛ የሚሰጠው ነው። እናቴ ልጄ ዕድለኛ ትሁን ብላ ያወጣችልኝ ስም ባሕር ተሻግሮ እንደ ወቀሳ መነበቡን ሳውቅ መጀመሪያ ሳቅሁ፤ ውሎ ሲያድር ግን ትንሽ ከፋኝ።

ከዚያ ስሜት ያወጡኝ ዘጠና ዓመት የደፈኑ አንዲት አዛውንት ናቸው። በሥራ ላይ የምጠራቸው በቤተሰባቸው ስም ነው፤ የቤቱም ሥርዓት እንደዚያ ነው፤ እዚህ ግን በሀገሬ ወግ እማማ ልበላቸው። አንድ ቀን ጠዋት የደም ግፊታቸውን ለክቼ ስመዘግብ እጃቸውን ዘርግተው ሰሌዳዬን ወደ ዓይናቸው አስጠጉና የመጀመሪያዋን ፊደል፣ «ቴ»ን፣ በአውራ ጣታቸው ሸፈኑ። «አሁን አንብቢው» አሉኝ። የቀረው «አደለች» ነበር። «አየሽ፣ አደል! የእኔም ስም የሚጀምረው በዚሁ ነው» አሉ። አልጋቸው አጠገብ ያለው የመድኃኒት ሣጥን ላይ ሙሉ ስማቸው ተጽፏል፦ አደልሃይድ።

እኔም በበኩሌ የማውቀውን ነገርኳቸው። «አደለ» በአማርኛ ድርሻ ሰጠ፣ አከፋፈለ ማለት እንደሆነ፣ «ዕድል» የሚለው ቃል ከዚሁ እንደሚወጣ፣ «ታደለች» ደግሞ በአንድ ቃል የተጠቀለለ ሙሉ ዐረፍተ ነገር እንደሆነ አስረዳኋቸው። «እንግዲያው ዘመዳሞች ነና!» አሉ። አይደለንም። የእኛው «አደለ» በግእዝም በዐረብኛም ዘመድ ያለው ሴማዊ ግስ ነው፤ የእሳቸው «አደል» ከጥንታዊው የጀርመናውያን ቋንቋ የወረደ ነው፤ ሁለቱን ያገናኛቸው ድምፅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ በየዕረፍት ሰዓቴ ስለዚህ ስም ሳነብ ከረምኩ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አደልሃይድ» ለሁለት የሚከፈል ስም ነው። የመጀመሪያው ክፍል በጥንታዊው ጀርመንኛ «አዳል» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም ዘር፣ ወገን፣ በተለይም መልካም ዘር ነው። ከዚሁ ቃል ጋር አናባቢው ብቻ ተለውጦ የሚዛመድ «ኡዎዳል» የሚባል ቃል ነበር፤ እሱ ደግሞ ከአባት ከአያት የወረደ መሬት፣ በእኛ አነጋገር ርስት ማለት ነው። ዛሬ ጀርመኖች «ኡልሪሽ» የሚሉት የወንድ ስም ከዚህ የመጣ ነው። ዘርና ርስት በአንድ ሥር ላይ መብቀላቸው አጥንትና ጉልት አብረው ሲቆጠሩበት ከኖረ ሀገር ለመጣ አንባቢ ብዙ ማብራሪያ የሚፈልግ አይመስለኝም። በዛሬው ጀርመንኛ «አደል» መኳንንት ማለት ሲሆን፣ «ኤደል» የሚለው ቅጽል ደግሞ የከበረ፣ ምርጥ የሚል ትርጉም ይዞ ለድንጋይም ለወይን ጠጅም ይነገራል። መኳንንቱ ራሳቸው ግን በሕግ ፊት ያላቸውን ልዩ መብት በ1919 በቫይማር ሕገ መንግሥት 109ኛ አንቀጽ አጥተዋል፤ ከዚያ ወዲህ የማዕረግ መጠሪያቸው የስማቸው አንድ ክፍል ሆኖ ቀርቷል።

እማማ በዚህ ጉዳይ ይቀልዳሉ። «ከወገኔ አንድም መኳንንት የለም፤ አባቴ ድንች ገበሬ ነበር» ይላሉ። ታዲያ ይህን «አደል» በአማርኛ ምን ልበለው ብዬ ሳወጣ ሳወርድ ባላባት፣ መኰንን፣ ክቡር የሚሉትን ሁሉ ሞክሬ የረካሁት «ጨዋ» በሚለው ነው። የጨዋ ልጅ ስንል ከደህና ቤተሰብ መወለዱን እንናገራለን፤ ጨዋ ልጅ ስንል ደግሞ ስለ ዘሩ ሳይሆን ስለ ጠባዩ እንመሰክራለን። በቤተ ክህነት አነጋገር ጨዋ ማለት ትምህርት የሌለው ማለት መሆኑን አልዘነጋሁም፤ ግን እሱን እናቆየው። በ«አደል» እና በ«ኤደል» መካከል ያለው መንሸራተት፣ ከዘር ወደ ጠባይ የሚደረገው ጉዞ፣ በአማርኛ በአንዲት ቃል ውስጥ ተጠናቆ ይገኛል።

ሁለተኛው ክፍል ይበልጥ የሚያስገርም ነው። «ሃይት» በጥንታዊው ጀርመንኛ ራሱን ችሎ የሚቆም ቃል ነበር፤ ሰው፣ ማዕረግ፣ ዓይነት፣ ሁኔታ ማለት ነበር፤ ከጥንት ጀርመናውያን ነገዶች አንዱ በሆኑት በጎቶች ቋንቋም «ሃይዱስ» ተብሎ አኳኋን የሚል ትርጉም ይዞ ይገኛል። ውሎ አድሮ ግን ይህ ቃል ብቻውን መቆም ተወና የሌላ ቃል ጅራት ሆነ። ዛሬ ጀርመንኛ የሚማር ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ያገኘዋል፤ «ፍራይ» ነፃ ነው፣ «ፍራይሃይት» ነፃነት ነው፤ «ኪንድ» ልጅ ነው፣ «ኪንድሃይት» ልጅነት ነው። እንግሊዞች «ቻይልድሁድ» ሲሉ የሚጠቀሙበት «ሁድ»ም የዚሁ ቃል ወንድም ነው። እኔ የቋንቋ ትምህርት ቤት ሳለሁ በደብተሬ ጥግ «ሃይት ማለት ነት» ብዬ የጻፍኩትን ማስታወሻ አሁንም አለኝ። እንግዲህ ሁለቱን ክፍሎች ስናገናኛቸው አደልሃይድ «ጨዋነት» ይሆናል። ከዚህ የተሻለ አማርኛ አላገኘሁለትም፤ የስም መዝገቦች «ከመልካም ዘር የሆነች» እያሉ በሦስት ቃል የሚፈቱትን እኛ በአንድ ቃል እንለዋለን።

እዚህ ላይ ግን ራሴን መግታት ነበረብኝ፤ ምክንያቱም የጥንት ጀርመናውያን ስም የሚያወጡት እኛ እንደምናወጣው አይደለም። የእኛ ስም ብዙውን ጊዜ ግስ አለው፣ ባለቤት አለው፣ የሚናገረው ጉዳይ አለው፤ ታደለች፣ በለጠች፣ አስናቀች፣ ደስታ ይሁን ሐዘን የተወለድንበትን ቀን ይተርካል። የእነሱ ስም ግን ከተወሰኑ የከበሩ ቃላት ክምችት ሁለቱን አንሥቶ ማጋጠም ነበር፤ ጦር፣ ጦርነት፣ ዝና፣ ብርሃን፣ ጥንካሬ፣ ዘር የሚሉ ቃላት ነበሩ። የተጋጠሙት ቃላት እንደ ሐረግ ተነብበው ትርጉም እንዲሰጡ ግድ አልነበረም። ለዚህ ምስክር የምትሆነው ሄድቪግ የምትባለው ስም ናት፤ «ሃዱ»ም ጦርነት ነው፣ «ቪግ»ም ጦርነት ነው፤ ስለዚህ ስሟ «ጦርነት ጦርነት» ሆኖ ቁጭ ይላል። ወላጆች የሚጠነቀቁት ልጁ የስሙን ክፍል ከአባቱ ወይም ከእናቱ፣ ከአያቱ ወይም ከአጎቱ እንዲወርስ ነበር። ስሙ ስለ ልጁ ከሚናገረው ይልቅ ልጁ የማን እንደሆነ ያመለክት ነበር።

ይህ ምን ያህል እውነት እንደሆነ የገባኝ ስሙን በአውሮፓ ያስከበረችውን ሴት ታሪክ ሳነብ ነው። አደልሃይድ የቡርጉንድ ንጉሥ የዳግማዊ ሩዶልፍ ልጅ ስትሆን የተወለደችው በ931 አካባቢ ነው። በ947 የኢጣልያን ንጉሥ ሎታርን አገባች፤ ሎታር በ950 በድንገት ሞተ፣ ተመርዞ ነው የሚል ሐሜትም ተናፈሰ። መንግሥቱን የያዘው በሬንጋር የሚባል መስፍን ወጣቷን መበለት ለልጁ ለመዳር ፈለገ፤ እሷ እምቢ ስትል በ951 መጀመሪያ በኮሞ፣ ቀጥሎም በጋርዳ ሐይቅ አጠገብ ባለ ምሽግ አሰራት። በበጋው ወራት በሌሊት አመለጠች። የሕይወት ታሪኳን የጻፈው የክሉኒ ገዳም አበምኔት ኦዲሎ እንደሚለው ከአገልጋይዋ ጋር ረግረግ ውስጥ ተደብቀው ሲራቡ ያገኛቸው አንድ ዓሣ አጥማጅ ነበር፤ ያጠመደውን ዓሣ ጠብሶ አበላቸው።

አሁን በዚህ አንድ ታሪክ ውስጥ ያሉትን ሰዎች ስም እንመልከት። እንድታገባው የተፈለገው የበሬንጋር ልጅ አዳልበርት ይባላል። ስታመልጥ የተቀበላት የሬጆ ከተማ ጳጳስ አዳልሃርድ ይባላል። በካኖሳ ምሽግ ያስጠለላት መስፍን አዳልበርት አቶ ይባላል። አሳዳጁም፣ አስጠላዩም፣ ተሳዳጇም ሁሉ «አዳል» ናቸው! ስሙ የወል ልብስ ነበር፤ የዚያ ወገን ሰው መሆንህን ያሳያል፣ ክፉ ወይም ደግ መሆንህን ግን አይናገርም። (የሦስተኛው ሰው ቅጽል ስም «አቶ» መሆኑ ለእኛ ጆሮ የሚሰጠው ፈገግታ የእኛው ብቻ ነው።)

የጀርመኑ ንጉሥ ኦቶ በዚያው በ951 የአልፕስን ተራራ ተሻግሮ መጣና በፓቪያ ከተማ አገባት፤ በ962 ደግሞ ሁለቱም ሮም ውስጥ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 12ኛ እጅ ዘውድ ጫኑ። ባሏ በ973፣ ልጇ ዳግማዊ ኦቶ በ983 ሞቱባት፤ ከልጇ ሚስት ከቢዛንታይኗ ቴዎፋኖ ጋር ብዙም የማይዋደዱ ነበሩ ይባላል። ቴዎፋኖ በ991 ስትሞት ግን በሕፃኑ የልጅ ልጇ በሦስተኛው ኦቶ ስም መንግሥቱን የያዘችው አያቲቱ ነበረች። ሺህኛው ዓመት ሊጠባ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ በታኅሣሥ 16 ቀን 999፣ ራሷ በመሠረተችው በዜልትስ ገዳም አረፈች፤ በ1097 ሮማዊቷ ቤተ ክርስቲያን ቅድስት ብላ ሰየመቻት። እስከ ዛሬ በካቶሊኮች ዘንድ ታኅሣሥ 16 የአደልሃይዶች ሁሉ የስም ቀን ነው፤ እማማም በልጅነታቸው ከልደታቸው ይልቅ በዚህ ቀን ይከበሩ እንደነበር አጫውተውኛል።

በአንድ ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሥር ያየኋትን ሳንቲም ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ከጥፍሬ እምብዛም የማትበልጥ፣ ጠርዟ የተሸራረፈ፣ ስስ የብር ሳንቲም ናት፤ «የኦቶና የአደልሃይድ ፔኒ» ይሏታል። ከ10ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ በሃርትስ ተራሮች አካባቢ ከራመልስበርግ በተቆፈረ ብር እጅግ በብዛት ተመትታለች። በአንድ ወገን መስቀል አለ፣ በመስቀሉ ማዕዘኖች የኦቶ ስም ፊደላት ተበትነዋል፤ በሌላው ወገን ጣሪያዋ የሾለ ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ዙሪያዋን የእቴጌይቱ ስም ይከባታል። ስሙ ግን ተዘበራርቋል፤ ፊደላቱ አንድ በአንድ ሲቆጠሩ አ፣ ቴ፣ ኤ፣ አ፣ ሃ፣ ኤል፣ ሃ፣ ቴ ናቸው። ማኅተሙን የቀረጸው ሰው በጆሮው የሰማውን ይሁን በዓይኑ ያየውን ሲያስተላልፍ ድምፆቹን እንደ ሽሮ አማስሏቸዋል። እኔ በየመሥሪያ ቤቱ ስሜ ተዛብቶ ሲጻፍ ስበሳጭ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ የእቴጌ ስም በገዛ ግዛቷ ብር ላይ እንዲህ መጻፉን ካየሁ ወዲህ ንዴቴ ቀንሷል።

ስሙ ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ወረደ፤ በ977 የተወለደችው የዳግማዊ ኦቶና የቴዎፋኖ ልጅ አደልሃይድ ተብላ የክቬድሊንቡርግ ገዳም እመምኔት ሆነች። አንድ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ስሙ ለባዕድ ሙሽራ የሚሰጥ የክብር ልብስ ሲሆን እናየዋለን፤ የኪየቩ ልዑል የቭሴቮሎድ ልጅ ኤውፕራክሲያ በ1089 ንጉሠ ነገሥቱን አራተኛ ሃይንሪሽን ስታገባ አደልሃይድ ተባለች። የእኛዋ እቴጌ ምንትዋብ በክርስትና ስሟ ወለተ ጊዮርጊስ፣ በስመ መንግሥቷ ብርሃን ሞገሳ መባሏን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ኤውፕራክሲያ ግን ስሙ አልጠቀማትም፤ በ1095 በፒያቼንሳ ጉባኤ ቆማ በባሏ ላይ ከባድ ክስ መሰከረች።

ከዚህ በኋላ ያለው የመሸራረፍ ታሪክ ነው። ፈረንሳዮች ይህን ረጅም ስም አፋቸው ውስጥ እያሟሟ አሳጠሩት፤ አደልሃይዲስ የነበረው አደሊዛ ሆነ፣ ከዚያ አአሊስ፣ ከዚያ አሊስ። መሸጋገሪያው በአንዲት ንግሥት ስም ላይ ቆሞ ይታያል፤ በ1121 የእንግሊዙን ቀዳማዊ ሄንሪን ያገባችው የሉቨኗ ልዕልት አደሊዛ ትባል ነበር። አሊስ በእንግሊዝ ሥር ሰደደና የእንግሊዝ ስም መሰለ። ከስድስት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ ንግሥት ቪክቶሪያ በ1843 ለተወለደች ልጇ ይህንኑ ስም ሰጠች፤ ልዕልት አሊስም በ1862 የሄሰንን ልዑል አግብታ ወደ ዳርምሽታት መጣች። ጀርመኖቹ ታዲያ ከገዛ ሀገራቸው የወጣውን ስም መልሰው መጥራት አቃታቸው! ልዕልቲቱ ለእናቷ በጻፈችው ደብዳቤ ሰዎቹ ስሟን እያበላሹባት እንደሆነ ገልጻ፣ በ1872 ለተወለደች ልጇ አሊስን በመተካት አሊክስ የሚለውን የሰጠችው በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነግራታለች። ያቺ ሕፃን የሩሲያ የመጨረሻዋ እቴጌ አሌክሳንድራ ናት። ስደተኛ ስም አድጎ ቤቱ ሲመለስ የሚያውቀው ሰው አጣ ማለት ነው፤ ይህን ሳነብ ከልጆቻቸው ጋር አዲስ አበባ ለዕረፍት የሚሄዱ ወዳጆቼ ትዝ አሉኝ።

በሰሜን የፍሪዝላንድ ሰዎች ኤልከ አሉት፣ ሆላንዶች አሌይዳ አሉት። ሙሉው ስም ሳይሸራረፍ የተረፈው ምናልባት በካርታ ላይ ነው፤ በ1836 የተቆረቆረችው የደቡብ አውስትራሊያ ዋና ከተማ አደሌይድ የተሰየመችው ከማይኒንገን ሄዳ የእንግሊዙን አራተኛ ዊልያምን ባገባችው ንግሥት ነው።

ከሁሉም መሸራረፍ የሚገርመኝ ግን የስዊሶቹ ነው። ሌሎቹ የስሙን ራስ ይዘው ጅራቱን ሲጥሉ እነሱ ራሱን ጥለው ጅራቱን ያዙ፤ ሃይዲ አሉት። በ1880 የታተመው የዮሐና ሽፒሪ የልጆች መጽሐፍ ስሙን በዓለም ሁሉ አዳረሰው። በመጽሐፉ ውስጥ ከተራራ ወደ ፍራንክፈርት የተወሰደችው ልጅ ስሟን ስትጠየቅ ሃይዲ ብትል፣ የቤቱ አስተዳዳሪ ይህ የክርስትና ስም አይደለም ብላ ተቆጣች፤ አደልሃይድ መሆኑን ስትሰማም በዚያው ብቻ ትጠራት ጀመር። አስተዳዳሪዋ ደረቅ ሴት ብትሆንም በቋንቋ ረገድ አንድ ነጥብ አላት። «አደል» ከሄደ ጨዋው ሄዷል፤ የቀረው «ነት» ብቻ ነው። ቤተሰቦቼ የእኔን ስም «ታዱ» ብለው ሲያሳጥሩት ቢያንስ የዕድሉ ሥር አብሮኝ ቀርቷል፤ ሃይዲዎች ግን ምንም ነገር ያልተቀጠለባት ባዶ ቅጥያ ተሸክመው ይኖራሉ። ይባስ ብሎም «ሃይደ» በጀርመንኛ አንድም ዛፍ የሌለበት ቁጥቋጧማ ሜዳ፣ አንድም አረማዊ ማለት ስለሆነ ብዙ ሰው ስሙን ከእነዚህ ጋር ያዛምደዋል።

ይህን ሁሉ ለእማማ በአንድ ቁጭታ አልነገርኳቸውም፤ እግራቸውን ስቀባ ጥቂት፣ ፀጉራቸውን ሳበጥር ጥቂት እያልኩ ነው። እህታቸው በየእሑዱ ስትደውል «ሃይዲ» ትላቸዋለች፤ አሁን ስልኩን ሲያነሱ «ነት ነኝ» እያሉ ይስቃሉ። ስማቸውን የወረሱት ከአባታቸው እናት ነው፤ አያታቸው ከማን እንደወረሱት አያውቁም።

በታኅሣሥ 16 ቀን ከፍረፋሪ ኬክ ቁራሽና ከቡና ጋር ገባሁ። ስማቸውን በእኛ ፊደል ጽፌ በራቸው ላይ እንድለጥፍላቸው ለመኑኝ። ጀርመኖች በቃል መጨረሻ ያለውን «ድ» አጥብቀው «ት» ስለሚያደርጉት፣ እኛም የምንጽፈው የሰማነውን ስለሆነ፣ በወፍራም እስክሪብቶ «አደልሃይት» ብዬ ጻፍኩ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያመለከቱ አስነበቡኝ፤ የመጨረሻዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«ይህቺ ዴ ናት ወይስ ቴ?»

ቴ መሆኗን ነገርኳቸው፤ ሳንቲሙም ላይ በቴ ነው የሚያልቀው ብዬ ተከራከርኩ።

«ያ ሰውዬ መጻፍ አይችልም ነበር፤ አንቺው ነሽ የነገርሽኝ» አሉ። «በቴ ከጻፍሽው የሰዋስው ትምህርት ይመስላል። የእኔ በዴ ነው።»

እውነታቸውን ነው፤ ቅጥያው በቴ ይጻፋል፣ ስሙ ግን የድሮዋን ዴ ይዞ ቀርቷል፤ ከአንድ ፊደል በቀር የሚለያቸው የለም። ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው በ«ድ» ጻፍኩት፤ በሩ ላይ ያለው እሱ ነው።